በግማሽ የተላጨው ሙሽራ

አንድ ሰው ነበረ። ልጄ ይርዳው፣ እንደ አንተ ጸጉር አስተካካይ ነበረ።

አንተ አሁን ምላጩን በእጅህ እንደያዝክ፣ ሥራህን መሀል ላይ አቁመህ፣ «አባባ፣ ይህ ሥራ ሰለቸኝ። ዛሬ የላጨሁት በሦስት ሳምንቱ ተመልሶ ቁጭ ይላል። ጠዋት ምን ብዬ ልነሣ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ያም ሰው ይህንኑ ጠየቀ። አንተ ግን ሽማግሌ ጠየቅህ። እሱ ራሱን ጠይቆ ራሱ መለሰ፤ ጉዱም ከዚያ መጣ።

ሰውየው እንደ አንተ ሱቅና ቶንዶስ አልነበረውም። በገበያው ዳር ከዋርካ ሥር አንድ በርጩማ፣ አንድ ምላጭ፣ ከግንዱ ላይ በምስማር የተሰቀለ መስተዋት፤ በቃ። መስተዋቱ መሀሉ ተሰንጥቋል። ያየበት ሁሉ ሁለት አፍንጫ ይዞ ይታያል። ማንም ግን አይቀየመውም፤ እጁ ጥሩ ነበረች። ሃያ ዓመት ላጨ። በዚያ አገር ከእሱ በቀር ራስ የሚላጭ አልነበረም።

አንድ ረቡዕ አንድ ገበሬ መጣ። ሚስቱ የሞተችበት ጎልማሳ ነው። ሌላ ለማግባት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ፣ ሦስት ጊዜ እንቢ ተብሏል። በአራተኛው የልጅቱ አባት እሺ አለ። ሰርጉ ለእሁድ ተቆርጧል።

«ለእሁድ ነው፤ ሙልጭ አድርገህ ላጨኝ» አለና ተቀመጠ። ምላጩ ራሱን ሲዳብሰው ደስ አለውና እንቅልፍ ወሰደው።

ጸጉር አስተካካዩ ግራውን ላጨ። ወደ ቀኙ ሊዞር ሲል መሬቱን አየ። የጠዋቱ ጸጉር በነፋስ ይንከባለላል። ሃያ ዓመት የቆረጠውን አሰበ። ቢከመር ጋራ ያክላል፤ ነገር ግን እፍኝ እንኳ የለም። «ግንበኛ ግድግዳ ያቆማል፤ ግድግዳው ይቆያል። አናጢ በር ይሠራል፤ በሩ ይቆያል። የእኔን ሥራ ሰው ተሸክሞት ሄዶ ቤቱ ሳይደርስ ይበቅልበታል» አለ። ምላጩን ጠረገ፤ ኪሱ ከተተ፤ ሄደ።

ገበሬው ግማሽ ራሱን ሲበርደው ነቃ። ተጣራ፤ ማንም የለም። በመስተዋቱ አየ። መጀመሪያ በስንጥቁ አሳበበ። ኋላ በእጁ ዳሰሰው።

ጋቢውን ተከናንቦ ቤቱ ገባ። ጎረቤቱ የበግ መሸለቻ መቀስ ይዞ መጣና፣ «እኔ ልጨርስልህ። በጎቼን ጠይቃቸው፤ አንድ ቀን ተነጫንጨው አያውቁም» አለው። ገበሬው በጎቹን ያውቃቸዋል። አንደኛው ጆሮ የለውም። አመስግኖ ሸኘው።

ወሬው ከሰውየው ቀድሞ የልጅቱ አባት ቤት ደረሰ። በማግሥቱ መልእክት መጣ፦ «ሰውየው ግማሹን መንኩሷል አሉኝ። ልጄን ለየትኛው ግማሽ ልዳራት? እስከ እሁድ አንዱን ይምረጥ። ካልሆነ ድግሱን ለጎረቤት አበላዋለሁ።»

አየህ፣ አራት ጊዜ ሽማግሌ የላከ ሰው ነው። አምስተኛ የሚላክ ሽማግሌ ከየት ያመጣል? ከቤቱ ወጥቶ ባለ ምላጩን ፍለጋ ሄደ። በየደረሰበት፣ «እንዲህ ያለ ሰው አልፏል ወይ?» ይላል። ሰዎቹ፣ «ምልክቱ ምንድነው?» ይሉታል። ጋቢውን ገለጥ ያደርጋል። «ምልክቱ ይኸ ነው።»

ጸጉር አስተካካዩ ደግሞ የአንድ ቀን መንገድ ሄዶ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የመቃብር ድንጋይ የሚጠርብ ግንበኛ አገኘ።

«ሥራህ ስንት ዘመን ይቆያል?» አለው።

«ያ ጥግ ያለው የአያቴ ሥራ ነው። ያውልህ፣ ቆሟል።»

«እባክህ አስተምረኝ።»

ግንበኛው መሮና መዶሻ ሰጠው። ዓርብን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብ ዋለ። ደስታ በደስታ ሆነ። ድንጋይ አያድግም። የድንጋዩም ባለቤት «ከኋላ ትንሽ ቀንስልኝ» አይልም።

ቅዳሜ ዳቦ ሲቆርሱ ጠየቀ፤ «ደንበኞችህ በሥራህ ምን ይሉሃል?»

ግንበኛው እያኘከ አሰበ። «እስከ ዛሬ ዝም እንዳሉ ናቸው» አለ። «አንድም ተመልሶ የመጣ የለም።»

«ቤተሰቦቻቸውስ?»

«እነሱ አልቅሰው ይሄዳሉ። ገበያ ላይ ሲያገኙኝ መንገድ ይለውጣሉ። ቁመታቸውን የምለካ ይመስላቸዋል።»

ጸጉር አስተካካዩ የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። ውሃ ሊጠጣ ሲል ገበሬው በግቢው በር ገባ። አቧራ ለብሷል፤ እግሩ ተልጧል። ምንም ሳይናገር ጋቢውን ገለጠ።

ግንበኛው አማተበ።

«ና፣ ጀምረሃልና ጨርስ!» አለ ገበሬው።

«እኔ እሱን ትቼዋለሁ፤ አሁን የሚቆይ ሥራ ነው የምሠራው።»

«የሚቆይ?» ገበሬው ራሱን አጎንብሶ አፍንጫው ሥር አቀረበለት። «ሃያ ዓመት ስትላጭ ስምህን ማን አነሣው? የተውከውን ይህን ግማሽ ግን አገር አወቀው! የልጅ ልጅ ይተርትበታል፤ እሱም ልጅ ከወለድኩ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይቆይልህ?»

«ወንድሜ፣ ብላጭህም ተመልሶ ይበቅላል።»

«ይብቀላ! እኔስ አምና ያረምኩትን ማሳ ዘንድሮ አላርምም? ይበቅላል ብዬ ብቀመጥ ያንን ዳቦ ከየት ትቆርሰው ነበር? ደግሞስ እኔ ለዘላለም ላጨኝ መች አልኩህ? ለእሁድ ነው ያልኩህ፤ ለእሁድ!»

ጸጉር አስተካካዩ ድንጋዩን አየ። የገበሬውን ራስ አየ። ደግሞ ድንጋዩን አየ። ከዚያ መሮውን አስቀመጠና ምላጩን ከኪሱ አወጣ፤ በዚያው ሲጠርበው በዋለው የመቃብር ድንጋይ ላይ ሳለው። ገበሬውን እዚያው ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ቀኙን ላጨ። ግራውም በሦስቱ ቀን አቆጥቁጦ ነበርና ተመልሶ ላጨው። በሃያ ዓመቱ እንደዚያ ተጠንቅቆ ላጭቶ አያውቅም።

ገበሬው ራሱን ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ዳሰሰ። ከረቡዕ ጀምሮ ያልታየ ጥርሱ ታየ። «እጅህ ይባረክ!» አለና ወደ ሰርጉ ሮጠ። ጋቢውን እንኳ ረስቶት ሄደ።

ግንበኛው ቆሞ ሲያይ ነበር። «ከዚህ ድንጋይ ላይ ሰው ሲነሣ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ቆየት ብሎ ቆቡን አወለቀና ራሱ ሄዶ ተቀመጠ።

እየተላጨ ጠየቀ፤ «ይኸ ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«ሦስት ሳምንት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዋርካው ሥር ትመጣለህ።»

«ብመጣ ከሰው መሀል ታስቀምጠኛለህ?»

«ምን ማለትህ ነው? አስቀምጥሃለሁ እንጂ።»

ግንበኛው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ጸጉር ገብቶበት ነው አለ።

ጸጉር አስተካካዩ ወደ ዋርካው ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አልሰለቸውም ወይ ካልከኝ፣ ይሰለቸዋል፤ ሰው ነው። ነገር ግን አንድ ልማድ አመጣ። ሰው በርጩማው ላይ ሲቀመጥ፣ ምላጩን ሳያነሣ በፊት፣ «ለምን ቀን ነው?» ይላል። አንዱ «ነገ ፍርድ ቤት እቆማለሁ» ይለዋል። ሌላው «ልጄን ክርስትና ላስነሣ ነው» ይለዋል። አንዱ ደግሞ «ለምንም አይደለም፤ ብቻዬን ሆኜ ጨነቀኝ» ብሎታል። ያን ቀን ቀስ ብሎ ላጨ። መሬት የወደቀውን ጸጉር ማየት ተወ፤ ከበርጩማው የሚነሣውን ሰው ማየት ያዘ።

እንግዲህ ልጄ ይርዳው፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ጸጉሩ ሥራህ መሰለህ፤ አይደለም። ሥራህ የሰውየው እሁድ ነው። ተመልሶ ይበቅላል ብለህ አማረርክ፤ ባይበቅል ማን ወደ አንተ ይመለስ ነበር? ግንበኛውን አስበው።

እኔንም ለምን ቀን እንደምላጭ አልጠየቅኸኝም። ነገ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ከተኳረፍኩት ወንድሜ ጋር ልታረቅ ነው። አንተ ግን ግራዬን ላጭተህ ወሬ ይዘህ ቆመሃል። እንዲህ ሆኜ ብሄድ፣ «ግማሹን ነው እንዴ የታረቅኸኝ?» ይለኛል፤ አውቀዋለሁ።

በል፣ ቀኜን ላጨኝ።