የክፈቺው መሻገሪያ

ታች መረባ ከሚባለው ገበያ ዝቅ ብሎ የጭልቃን ወንዝ የሚሻገሩበትን ቦታ የአገሩ ሰው «ክፈቺው» ይለዋል። በር የለበት፣ አጥር የለበት፣ ምኑ እንደሚከፈት እንግዳ ሁሉ ይጠይቃል። ሽማግሌዎቹም ሲመልሱ ነገሩን የሚጀምሩት ከአንድ ሰንጢ ነው።

እንደሚነገረው፣ በዚያ አገር ቢምረው የሚባል ቀጥቃጭ ይኖር ነበር። የዚያን ጊዜ ሰንጢ ማጠፊያው ልል ስለነበር ሲቆርጡበት ድንገት እየታጠፈ ጣት ይበላ ነበር፤ ቢምረውም ቆዳ ሲሰነጥቅ የሌባ ጣቱን ጫፍ በዚሁ አጣ። ቁስሉን አጥባ ያሰረችለት ሚስቱ እንጉዳይ ነበረች። ጣቱ ሲሽር ከወናፉ ሳይርቅ ከርሞ፣ በቀንድ እጀታ ውስጥ ቀጭን ሞላ ቀብሮ፣ ሲዘረጋም ሲታጠፍም «ቀጭ» ብሎ የሚቆለፍ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ሰንጢ ሠራ። ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ጉብታ ተጭነው ወደ ኋላ ካልሳቧት ጉልበተኛ ቢታገለውም አይከፈትም ነበር ይባላል።

ወሬው ሲሰማ ሌሎች ቀጥቃጮች ምስጢሩን ለማየት ይመላለሱ ጀመር። ቢምረው ግን ለማንም አላሳየም።

«ለእኔ እንኳ ቢያሳዩኝ ምን አለ?» አለችው እንጉዳይ አንድ ቀን።

«አንቺ ከጎረቤት አትደብቂም፤ ይቆይሽ» አላት። እየሳቀ ነበር ይላሉ።

በነሐሴ ብረት የጫነች አህያቸውን ይዘው ከገበያ ሲመለሱ ጭልቃ ደፍርሶ ጠበቃቸው። ቢምረው ልብሱንና ሰንጢውን ለሚስቱ ሰጥቶ ጥልቀቱን ሊሞክር ቀድሞ ተሻገረ፤ ውሃው ከወገቡ ስላላለፈ በእጁ ጠራት። እሷም የአህያዋን ገመድ ክንዷ ላይ ጠምጥማ ገባች። መካከል ሲደርሱ ከላይ ደራሽ ጎርፍ መጣ፤ አህያዋ ከነጭነቷ ተገለበጠች፤ ገመዱም የእንጉዳይን ክንድ ጠርንፎ ጎተታት።

እንጉዳይ ደረቷን ቋጥኝ ላይ ጥላ ገመዱን ልትቆርጥ ሰንጢውን ከጉያዋ አወጣች። ቢምረው ዘሎ ቢገባ ደራሹ አንስቶ ወደ ዳር ወረወረው። የቀረው ድምፁ ብቻ ነበር።

«ጎኑን ተጫኚው! ጎኑን! ወደ ኋላ ሳቢና ክፈቺው!»

የውሃው ጩኸት ግን ድምፁን ዋጠው። እንጉዳይ አፉ ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ ቃሉ አይደርሳትም። ሰንጢውን ወደ እሱ ከፍ አድርጋ አሳየችው፤ እሱ በአየር ላይ አውራ ጣቱን እየተጫነ አሳያት፤ አልገባትም። በጥርሷ ነከሰችው። ከዚያ ወንዙ ከቋጥኙ አላቀቃት። ኮረብታው ላይ ያርሱ የነበሩ ሰዎች ከቢምረው ጩኸት የለዩት አንዲቱን ቃል፣ «ክፈቺው»ን ብቻ ነበር፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ወንዙን እየተከተለ ይጮህ ነበርና።

ከታች ሲያገኟት ሰንጢው እንደተቆለፈ በእጇ ነበር። የቀንዱን እጀታ ጥርሷ ፍቆታል። ቢምረው ወስዶ ጉብታዋን ተጭኖ ወደ ኋላ ሳባት፤ ያለ ችግር ተከፈተ።

ከዚያ በኋላ፣ አንዳንዶች ቢምረው ዳግመኛ መዶሻ አልነካም ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ገበያ መሐል ተቀምጦ ምስጢሩን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ሲያሳይ ኖረ ይላሉ።

ዛሬ በታች መረባ ገበያ ሰንጢ የሚሸጥ ቀጥቃጭ ገዢው ዓይኑን ጨፍኖ ሰንጢውን ከፍቶ እስኪያጥፈው አይለቅለትም። ሚስቱ አብራው ካለች እሷም መሞከር አለባት። ከሩቅ የመጡ ገበያተኞች «ለአንድ ሰንጢ ይኼ ሁሉ!» እያሉ ይቆጣሉ። ሻጩ ግን የታጠፈውን ሰንጢ ወደ ሴትዮዋ እንደዘረጋ ይጠብቃል።