ጫማውን አስሮ የጠበቀው ሰው

አንድ ቴኒስ ተጫዋች ነበረ፤ ጉልበቱ የታመመ። ስሙ ምን ያደርግልሻል ልጄ፣ እንዳንቺው ያለ ሰው ነው። ከትልልቆቹ ተርታ ያልደረሰ፣ ከትንንሾቹም የወጣ፣ ራኬቱን ተሸክሞ ከአገር አገር የሚዞር፣ ያገኘውን ለአውሮፕላንና ለማደሪያ ከፍሎ ባዶ እጁን የሚመለስ። አንቺ አሁን «ጋሼ፣ ደንቡ ከፈቀደ፣ ታምሜም ቢሆን ሜዳ ገብቼ ብወጣና ሽልማቱን ብወስድ ምን ነውር አለው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ አይደል? እሱም ይህንኑ ጠይቆ ነበር። ግን የጠየቀው ራሱን ብቻ ነው።

በዓመት አንዴ በሚደረገው ትልቁ ውድድር፣ ደረጃው በቅቶት ስሙ ገባ። እዚያ ውድድር ላይ በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ ሰው እንኳ የሚያገኘው ሽልማት፣ እሱ ዓመቱን ሙሉ ዞሮ ከሚለቅመው ይበልጣል። ሰውየው ደግሞ ለእናቱ ቤት ጀምሮላት ነበር። ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያ የለውም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃው እየታጠበ ያሳቅቀዋል። ስሙን ከገቡት ጋር ገና ሲያይ ቆርቆሮው በዓይኑ ውል አለበት።

ታዲያ ውድድሩ ሊጀመር ሲል ልምምድ ላይ ጉልበቱ ከዳው። ሐኪሙ አገላብጦ አየውና እንዳይጫወት ነገረው። ደንቡ ጨካኝ አልነበረም። ታምሜያለሁ ብሎ ቀድሞ ለተወ ሰው የመጀመሪያውን ዙር ሽልማት ግማሽ ይሰጠዋል፤ ሌላው ግማሽ በቦታው ለሚገባው ተጠባባቂ ነው፤ ተጠባባቂው ካሸነፈም ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የራሱ ነው። ግማሹ ጣሪያውን ያለብስ ነበር። ሙሉው ግን ጣሪያውንም፣ መስኮቱንም፣ ወለሉንም ይጨርሳል። ሜዳ ገብቶ ጥቂት ኳስ መትቶ ቢወጣስ? የገባን ሰው ለምን ወጣህ የሚል የለ። እንዲህ ሲያደርግ እሱ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አይሆንም።

ከዚያ በኋላ መቆሚያ መቀመጫ አጣ። በረዶውን ጉልበቱ ላይ ያስራል፣ ይፈታል። ምግብ ያዝዝና ሳይቀምሰው ይነሳል። አልጫወትም ሊል ወደ ውድድሩ ቢሮ ይወጣና ከመንገድ ይመለሳል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚሉት፣ ነገሩ ሁሉ የተገላበጠበት ያኔ ነው።

ተጠባባቂውን ያየውም እንዲህ ሲቁነጠነጥ ነው። ተጠባባቂ ማለት በማጣሪያው መጨረሻ ላይ ተሸንፎ፣ ግን አንድ ሰው ከቀረ እንዲገባ ተራ የያዘ ሰው ነው። ማለዳ ይመጣል፤ ከመልበሻው ክፍል በር አጠገብ ይቀመጣል። ስሙ ሲጠራ ካልተገኘ ዕድሉ ለሌላው ያልፋልና ከበሩ አይርቅም። ሆዱ እንዳይከብደው ከሙዝ በቀር አይበላም። ጫማውን ጥብቅ አድርጎ አስሯል። በሩ ሲከፈት ብድግ ይላል፤ የገባው የጽዳት ሠራተኛ ሲሆን ደግሞ ቀስ ብሎ ይቀመጣል።

ሰውየው በዚያ ሲያልፍ ጥርሱን ነክሶ ቀጥ ብሎ ተራመደ። ተጠባባቂው እግሩን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀለት።

«ጉልበትህን አመመህ ሲሉ ሰማሁ፤ እንዴት ነው?» አለው።

«ደህና ነው። ምንም አልሆነም።»

«እግዜር ይመስገን። በርታ እንግዲህ» አለና ተጠባባቂው አመነው። ሰውየው ስሙን እንኳ ሳይጠይቀው አለፈ።

በማግሥቱ ሜዳ ገባ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ጥቂት ኳስ መትቶ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ ዳኛውን ጠርቶ መውጣት። የማይደርስባት ኳስ ጠበቀ፤ መጣች። ለይምሰል ሲዘረጋላት ጉልበቱ የእውነት ታጠፈና ወደቀ። ተጋጣሚው መረቡን ዞሮ መጥቶ ደግፎ አነሳው። ሕዝቡም አጨበጨበ፤ ታሞም አልተወም፣ እንዴት ያለ ጀግና ነው ብሎ። ያኔ መውጣት አሳፈረው። እያነከሰ ትንሽ ቆየ፤ ባነከሰ ቁጥር ጭብጨባው ባሰበት። በመጨረሻ በቃኝ ሲል ሰዉ ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመለት።

አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ከአጥሩ ሥር ተጠባባቂውን አየው። የጫማው ማሰሪያ ተፈትቶ መሬት ይጎተታል። ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ያጨበጭብለታል። ሜዳ ላይ የተጎዳ መስሎታላ! ከዚያ ሁሉ ሰው አብልጦ ያጨበጨበለት እሱ ነበር።

ሽልማቱ ሙሉውን መጣ፤ ቤቱም አለቀ። ጉልበቱም ዳነ። መቅሠፍት ወረደበት ብዬ አላስፈራራሽም፤ አልወረደም። እናቱ ጎረቤት ጠርታ ቤቱን ስታስመርቅ፣ ልጄ በወዙ የሠራልኝ ቤት ነው ብላ ተናገረች፤ ጎረቤቶቿም አጨበጨቡ። ሰውየው ይህን ሲሰማ ብድግ ብሎ ወጣና ዝናብ ላይ ቆመ። እስከ ዛሬም እናቱ ዘንድ ሲሄድ የሚቀመጠው ከወንበሩ ጫፍ ላይ ነው። በሩ ሲከፈት ይነሳል፤ የገባው ጎረቤት ሲሆን ደግሞ ቀስ ብሎ ይቀመጣል።

እንግዲህ ልጄ፣ የእጅሽን አንጓ ጠቅልለሽ ፊቴ የተቀመጥሽው አንቺ ያ ሰው ነሽ። ሽልማቱን ናቂው አልልሽም። ገንዘብ ከንቱ ነው የሚሉ ሰዎች ቤታቸው አያፈስም። ግማሹ ሐቅሽ ነው፤ ለፍተሽ የደረስሽበት ደረጃ ያመጣልሽ ነው፤ ቀና ብለሽ ውሰጂው። ሌላው ግማሽ ግን ባለቤት አለው። ደንቡ የሚያየው ሜዳ የገባችውን ነው፤ በሩ ላይ የቀረችውን አያይም። የምታያት አንቺ ብቻ ነሽ።

ያንቺን ተጠባባቂ እኔ አላውቃትም። ግን እኛ ይህን ስናወራ እሷ ጫማዋን አስራ ተቀምጣለች። ሂጂ፣ በዚያ በር እለፊ። እጅሽ እንዴት ነው ብላ ብትጠይቅሽ፣ መጀመሪያ ስሟን ጠይቂያት፤ ከዚያ መልሺላት።