ሸክላ ሠሪዋ የያዘችው ቃል

ግራዝማች ወንድይራድ ዳዊትን በቃላቸው የሚወጡ፣ ይህንንም ላገኙት ሁሉ የሚያወሩ ባላባት ነበሩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ፊደል ያልቆጠረች ሸክላ ሠሪ ሰንበቴው ላይ ከጎናቸው ተቀምጣ አዩና ተቆጡ።

«ከመጽሐፉ ስንት ቃል ታውቂያለሽና ነው ከእኛ እኩል የምትቀመጪው? ተነሺ!»

እሷ ግን አልተነሣችም።

«አንድ ብቻ ነው ጌታዬ። ቄሱ ‹ጠላታችሁን ውደዱ› የሚለውን ካስተማሩን ሰባት ዓመት ሆነ፤ እሱን ልፈጽም ስታገል ሌላ አልያዝኩም።»

ግራዝማች ከት ብለው ሳቁ። «ሰባት ዓመት ለአንድ ቃል! ለመሆኑ አሁንስ ቻልሽው?»

«እስከ ቅድም የቻልኩት መስሎኝ ነበር» አለች፤ «እርስዎ ሲናገሩ ግን እንደ አዲስ ጀመርኩት።»

ቄሱ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ግራዝማችም ሳይወዱ ፈገግ ብለው ጠጋ አሉላት።