ድልድዬና ዋርኬ የተቀባበሉት መንገድ

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ ስልክ የያዘ ኪሱ ይክተት።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ አገር መልእክት የሚያሳልፉ አራት ሳጥኖች ነበሩ። ራውተር ይባላሉ። አንዱ ተራራ ላይ ነው፤ ተራሬ ይሉታል። አንዱ ዋርካ ሥር፣ ዋርኬ። አንዱ ድልድይ ዳር፣ ድልድዬ። አራተኛው ወፍጮ ቤት፣ ወፍጬ። ወንዙ ዳር ደግሞ ዳክዬ እንቁላሏን ታቅፋለች።

ሳጥኖቹ መንገዱን ሙሉውን አይተውት አያውቁም። ጎረቤት ለጎረቤት ማውራት ነው ሥራቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አንድ እርምጃ ይባላል። ድልድዬ፣ "ዳክዬ ጋ አንድ እርምጃ ነኝ" ይላል። ዋርኬ ይሰማና፣ "እሱ አንድ ካለ እኔ ሁለት" ይላል። ተራሬም፣ "እንግዲያው እኔ ሦስት" ይላል። በቃ፣ መልእክቱ ሁሉ በዚሁ ወሬ ይደርስ ነበር።

አንድ ቀን አይጥ ከድልድዬ ወደ ዳክዬ የሚሄደውን ገመድ ቆረጠመችው። ድልድዬ ግራ ገብቶት ሳለ ዋርኬ እንደ ልማዱ፣ "ዳክዬ ጋ ሁለት እርምጃ ነኝ!" አለ።

"እሰይ!" አለ ድልድዬ። "ሌላ መንገድ አለው ማለት ነው። እሱ ሁለት ከሆነ እኔ ሦስት።"

ያኔ ተራራው ላይ ዶፍ ወረደ። ጉሬዛ ከዛፍ ጫፍ ጎርፉን አየና መልእክት ላከ፦ "ዳክዬ፣ ጎርፍ መጣልሽ፤ እንቁላልሽን አንሺ!"

መልእክት ሮጠ። ተራሬን አለፈ፣ ዋርኬን አለፈ፣ ድልድዬ ጋ ደረሰ።

"በዋርኬ በኩል ሂድ" አለው ድልድዬ።

"ኧረ አሁን ከሱ ነው የመጣሁት!"

"ሂድ ስልህ ሂድ!"

ሄደ። "ምን ረሳህ?" አለው ዋርኬ።

"ድልድዬ በአንተ በኩል ነው አለኝ።"

"ድልድዬ ሦስት ካለ እኔ አራት ነኝ። ወደሱ ተመለስ!"

ድልድዬ አምስት አለ። ዋርኬ ስድስት አለ። መልእክት ሄደ፣ መጣ፤ ሄደ፣ መጣ፤ ሄደ፣ መጣ። በየእርምጃው ትንፋሹ ይቀንሳል፤ ካለቀ ሞተ። ጎርፉ ደግሞ እየወረደ ነው።

በሦስተኛው ምልልስ መልእክት ደክሞት መሬት ላይ ተዘረጋ። "ቆይ እስቲ ዋርኬ፣ መንገዱን ማን ነገረህ?"

"ድልድዬ።"

"አንተስ ድልድዬ?"

"ዋርኬ!"

"እናንተ ጉዶች! ታዲያ መንገዱን ያየው ማነው?"

ዋርኬ መጀመሪያ አፈረ፣ ቀጥሎ ሳቀ። "ለካ የራስህን ወሬ ነው መልሼ የሸጥኩልህ!"

"እኔ ጅሉ ደግሞ ገዛሁት!" አለ ድልድዬ።

እዚያው ሕግ አወጡ። ወሬውን ላመጣልህ ጎረቤት ያንኑ ወሬ መልሰህ አትንገረው። መንገድ ሲቆረጥ ደግሞ "አስራ ስድስት" በል፤ ከአስራ አምስት እርምጃ የሚረዝም መንገድ ስለሌለ አስራ ስድስት ማለት "የለም" ማለት ነው።

ድልድዬ፣ "አስራ ስድስት!" ብሎ ጮኸ። ዋርኬም ለተራሬ፣ "አስራ ስድስት!" አለ። ተራሬ ወደ ሌላው ጎረቤቱ ዞረ። "ወፍጬ ወንድሜ፣ አንተስ?"

"እኔማ በሌላ ገመድ፣ በማዶ አገር ሳጥኖች በኩል አራት እርምጃ ነኝ። ስናገር ማን ሰማኝ? አጭሩን ይዛችሁ!"

"እንግዲያው እኔ አምስት!" አለ ተራሬ። መልእክትም ተራራውን ወጥቶ፣ በቀረችው ትንፋሽ በወፍጬ በኩል ተፈተለከ።

ዳክዬ ሰማች። እንቁላሏን አንድ በአንድ እያንከባለለች ጉብታ ላይ አወጣች። ጎርፉ ሲደርስ ያገኘው ባዶ ጎጆ ነው። ጫጩቶቹ ጉብታው ላይ ተፈለፈሉ፤ የመጀመሪያ ሥራቸውም መንጫጫት ሆነ።

ዛሬም ኢንተርኔት ላይ በጎረቤት ወሬ የሚመሩ ራውተሮች አሉ፤ ሕጉን አልረሱም። እኛ ነን የምንረሳው። የላከው ወሬ ዞሮ ቢመጣ፣ ባለቤቱ አዲስ መሰለው።

ሌላው ተራች "ተረቴን መልሱ" ይላል። እኔ ግን ለጎረቤት አውሩት እላለሁ፤ ለእኔ እንዳትመልሱት።