የረገፉት እምቡጦች

ፊታውራሪ ደገፉ ነጭ አበባ የምታወጣ አንዲት ጋርዴኒያ ነበረቻቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እንድትታይላቸው ከነሸክላዋ አንዴ ወደ በረንዳ፣ አንዴ ወደ ሳሎን ያስወስዷታል። አንድ ቀን እንግዶቻቸው ፊት እምቡጦቿ ሳይፈኩ ረገፉ። ፊታውራሪው አፍረው አትክልተኛውን አስጠሩት።

«ጥፋተኛውን ንገረኝ። ማንም ይሁን ማን ቅጣቱን ራስህ ፍረድ። አለዚያ ዛሬውኑ ከግቢዬ ትወጣለህ» አሉት።

አትክልተኛው እጅ ነሥቶ መለሰ፦ «ጌታዬ፣ ጋርዴኒያ እምቡጥ ከያዘች ወዲያ ወዲህ መወሰድ አትወድም። ጥፋተኛው እዚሁ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከነወንበራቸው ተሸክመን ከበረንዳ ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ አንድ ወር እናመላልሳቸው። ያኔም ለእንግዳ ፈገግ ካሉ፣ ዕቃዬን ጠቅልዬ እወጣለሁ።»