ጠመንጃውን የተቀማው ወታደር

«እማዬ፣ አባዬን መንገድ ላይ ያስቆመው ይሄ ወታደር ነው?»

ትርንጎ ይህን ጥያቄ ከትንሿ ልጇ ከሥምረት አፍ ስትሰማ የሽሮው ማማሰያ ከእጇ አመለጠ።

ነገሩ የሆነው በአንድ ወቅት፣ መንገድ በሚፈራበት ጊዜ፣ ኮምቦልቻ ላይ ነው። የትርንጎ ባል ጋሻው ጅቡቲ ድረስ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በመጨረሻ ሲመጣ ከስንዝር የሚበልጥ አሻንጉሊት ይዞ ገባ፤ ልጆች በቪዲዮ ጌም ከሚያዋጉት ወታደር የተቀዳ፣ ፊቱን በጥቁር ጭንብል የሸፈነ፣ ጠመንጃ የያዘ። ሦስቱ ልጆች ተሻሙበት። ጋሻው ሳቀና ብፌው ላይ አቆመው። «ለሚገባው ስጪው። ዳኛዋ አንቺ ነሽ» ብሏት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። መኪኖች ተይዘው ቆመዋል ይባላል፤ ማን እንደያዛቸው ግን ደፍሮ የሚናገር አልተገኘም።

ትርንጎ ማማሰያውን ሳታነሳ ወደ ብፌው ዞር ብላ አየች። ከጭንብሉ ውስጥ ሁለት የመስታወት ዓይኖች ያዩዋታል። በስመ አብ ብላ ጸበል ረጨችው። ጠብታዋ ጭንብሉ ላይ ቀስ ብላ ስትወርድ ወታደሩ ያላበው መሰላት። በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ ከዚያ ጥቁር ፊት ሌላ ምኑንም ሳታይ፣ ከጓሮ ቆሻሻ የሚቃጠልበት እሳት ላይ ወረወረችው።

መካከለኛዋ ልጅ ዘቢደር ልብስ ስታሰጣ አየች። እንጨት ልፈልግ፣ ውኃ ላምጣ አላለችም። ባዶ እጇን እሳቱ ውስጥ ከታ አወጣችው። «እማዬ! አባዬ በእጁ ያመጣው እኮ ነው!» እያለች አለቀሰች። ጣቶቿ ውኃ ቋጠሩ።

የበኩር ልጇ ምንተስኖት ጥላሸቱን በጥርስ ብሩሽ ጠረገና አገላብጦ አየው። «እማዬ፣ ይሄ እንደምታይው አይደለም» አለና የጌም ቤት ወዳለው ወደ ሸምሱ ይዞት ወጣ። ትርንጎ ልጁንም ወታደሩንም ከዓይኗ ማራቅ ስለፈራች ተከተለችው።

ሸምሱ ገልብጦ የጫማውን ሶል አየ፤ የሠሪው ምልክት አለ። ጉልበቱን አጠፈ፣ ክንዱን አዞረ፣ ጆሮውን አስጠግቶ መገጣጠሚያው ቀጭ ሲል አዳመጠ። ጭንብሉን በጥፍሩ ፋቅ አደረገ፤ ቀለሙ አልተነሳም።

«ኦሪጅናል ነው» አለ። «ኮፒው ጉልበቱ አይታጠፍም። እትዬ፣ ጫማውን ግን ምን አግኝቶት ነው?»

«እሳት» አለች ትርንጎ አንገቷን ደፍታ።

«እሱስ ግዴለም። ጠመንጃውስ?»

የወታደሩ እጅ ባዶ ነበር።

«ያለ ጠመንጃው ማንም አይወስደውም። ካገኛችሁት እንዲህ ያለውን በብዙ ብር እየገዛ የሚሰበስብ ሰው አለ፤ ነገ ጠዋት ቤታችሁ ድረስ ይዤው እመጣለሁ።»

መንገድ ላይ ምንተስኖት «ሸጬው አባዬን ፍለጋ እሄዳለሁ» አለ። ትርንጎ የሰው አጥር ተደግፋ ቆመች። አንዱ ሳይመለስ ሁለተኛው ሊሄድባት ነው።

ቤት ደርሰው አመዱን ሲበትኑ ሥምረት ከካልሲዋ ውስጥ ትንሿን ጠመንጃ አወጣች። በብፌው በኩል ለማለፍ እንኳ እናቷን የምትጠራ ልጅ፣ ገና እሳት ሳይገባ ማንም ሳያያት ወንበር ላይ ወጥታ ቀምታዋለች።

«በጣም ፈርቼው ነበር» አለች። «ግን ጠመንጃ ከሌለው አባዬን አያስቆመውም ብዬ ነው።»

«ጎሽ የኔ ጀግና! በይ አምጪ» አለ ምንተስኖት።

«አልሰጥህም! መልሶ ይይዘዋል።»

ከዚያ በኋላ ቤቱ ታመሰ።

«እኔ ምንነቱን ባላውቅ ተመልሶ እሳት ይገባ ነበር» አለ ምንተስኖት። «ይሸጥልኝና አባቴን ልፈልገው። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ምን ይባላል?»

«እኔ ባላወጣው ምኑን ታውቀው ነበር፣ አመዱን?» አለች ዘቢደር የተጠቀለለ እጇን አንስታ። «የአባዬን ዕቃ መሸጥ ሞቷል ማለት ነው። ደግሞ መንገዱ ጌም መስሎሃል፤ ሲሞቱ እንደገና የሚጀመር!»

ሥምረት ግን ትንሽ ጭብጧን ደረቷ ላይ አጥብቃ «ያለ ጠመንጃው ከሆነ ከእኔ ጋር ይሁን» አለች። «በር በሩን እያየ አባዬን ይጠብቅልኝ። አሁን እኮ አልፈራውም።»

ትርንጎ ሦስቱንም አየች። ለበኩሯ ብትሰጠው ባሏ ይገኝ ይሆናል፤ ልጇም በዚያው ይቀር ይሆናል። ለዘቢደር ብትሰጣት የአባታቸው ስጦታ ከቤት አይወጣም፤ ጋሻውን ግን የሚፈልገው የለም። ለሥምረት ብትተውላት ሕፃኗ ሳትባንን ትተኛለች፤ ምንተስኖት ደግሞ አባቱን በአሻንጉሊት እንደለወጡበት እድሜ ልኩን ይቆጥርባቸዋል።

ሥምረት ወደ እናቷ ቀረበችና ጠመንጃዋን በትርንጎ መዳፍ ላይ አኖረች። «አንቺ ያዥልኝ። ለማንም እንዳትሰጪብኝ፣ እሺ?»

«እሺ» አለች ትርንጎ። ጠመንጃዋ ከሌለች ወታደሩ እንደማይሸጥ ትዝ ብሏት የደነገጠችው ካለች በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ትርንጎ ጸሎቷን ጀምራ «ጋሻው» የሚለው ስም ላይ ስትደርስ የግቢው በር ተንኳኳ። «እትዬ ትርንጎ! ሰውየው መጥቷል!» የሸምሱ ድምፅ ነው። ወታደሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ያዘች፤ ጠመንጃዋን በጭብጧ። ሦስቱ ልጆቿ ደጃፉ ላይ ቆመው ያዩዋታል። ግቢውን አቋርጣ ሄደች፤ እጇን መቀርቀሪያው ላይ አሳረፈች።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ በሩን ሳትከፍት ንገሯት፦ ምንነቱን ላወቀው፣ ከእሳት ላወጣችው ወይስ እየፈራች ጠመንጃውን ለቀማችው፣ ወታደሩ የሚገባው ለማን ነው?