የሣጥኑ ጀርባ

አንድ አናጢ ነበረ። ሣጥን ይሠራል።

የቡድኑ ኃላፊ ጋሽ መርዕድ ነገሩን እንዲህ ብለው ሲጀምሩ ሰናይት ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ክንዷን አጣጥፋ ነበር። ቡድናቸው ለአንድ ክሊኒክ መተግበሪያ እየሠራ ነው፤ ታካሚው የምርመራ ውጤቱን በስልኩ ያያል፣ ውጤቱም እዚያው ስልኩ ላይ ይቀመጣል። ሰኞ ሊለቀቅ ተወስኗል። ጋሽ መርዕድ ግን ዛሬ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ «የተቀመጠው ውጤት አልተቆለፈም» ብለው ሥራውን አስቆሙት።

«ስልኩ ራሱ ቁልፍ አለው እኮ፣ ጋሼ» አለች። «ሰው አሻራውን አስነክቶ ነው የሚገባው። በቁልፍ ላይ ቁልፍ ብንጨምርበት ተማሮ ያጠፋዋል። የስልኩን ሥራ እኛ ለምን እንሠራለን?»

ጋሽ መርዕድ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንድ አናጢ ነበረ አልኩሽ።»

*

አናጢው ስመ ጥር ነው። የሣጥኖቹ ፊት ከዋንዛ ነው፤ ጠርዙ ጥርስ ለጥርስ የተያያዘ፣ ቁልፉ አንዴ ሲዞር «ቀጭ» የሚል። ገዢ ሲመጣ ቁልፉን ያዞራል፣ ድምፁን ይሰማል፣ ፈገግ ይላል። ጀርባውን የሚያይ የለም።

አናጢውም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ጀርባውን በስስ ጣውላ ይሸፍንና በአጫጭር ሚስማር ይመታዋል። ስስት አይደለም። ሣጥን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው የሚኖረው፤ ግድግዳ ደግሞ ከየትኛውም ዋንዛ ይወፍራል። ከግድግዳው ውጭ አጥር አለ። በአጥሩ በር ላይ ውሻ አለ። ሌላው የሠራውን እኔ ለምን እደግማለሁ፣ ይላል።

አንድ ቀን አንዲት ሴት መጣች። በሰፈሯ አደራ ጠባቂ ናት፤ ሰው በገዛ ቤቱ ሊያስቀምጠው ያልቻለውን እሷ ዘንድ ያኖራል። አንዷ የቀድሞ ጋብቻዋን ቀለበት፣ አንዷ ማንም ያላወቀላትን የሞተ ልጇን ልብስ። ይህ የማን ነው ብሎ የሚጠይቃት የለም፤ ቢጠይቋትም አትናገርም።

«ቁልፉ ይጥበቅ፣ አደራህን» አለችው። «የሰው ገመና ነው የሚገባበት።»

«እትዬ፣ ይህን ቁልፍ ሌባ ቢያየው እጅ ነሥቶት ነው የሚያልፈው።»

ሳቀች። ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አሰረች። ሣጥኑም ሄደ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጠ። ዓመታት አለፉ፤ ምንም አልሆነም። አናጢው ልክ ነበር።

*

ከዚያ የሴትየዋ ባል ሞተ።

የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ፤ አናጢውም ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶ ሄደ። የለቅሶ ቤት ወጉ የታወቀ ነው። በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ውሻው ይታሰራል፣ ማነህ ተብሎ የሚጠየቅ የለም። ለለቀስተኛ ቦታ እንዲገኝ እቃው ከቤት ይወጣል። አልጋው ጎረቤት ገባ፣ ቁምሳጥኑም ገባ። ሣጥኑ ግን ከባድ ነው፤ ጎረምሶቹ እስከ ዳሱ ጥግ አድርሰው አስቀመጡት። ቅን ልጆች ናቸው። ቁልፉን ማንም እንዳይነካካው ብለው ፊቱን ወደ አጥሩ አዞሩት።

አናጢው ዳሱ ሲገባ መጀመሪያ ያየው የራሱን ስስ ጣውላ ነው። በሕዝብ ፊት።

ከሠራው ወዲህ አላየውም ነበር። ጣውላው በግድግዳው ርጥበት ጎብጧል። ከታች ሚስማሮቹ ዝገው ለቀዋል። አንድ ወፍራም ሰውዬ ተደግፎት ካርታ ይጫወታል፤ በተነቃነቀ ቁጥር ጣውላው ሲጥ ይላል። ከክፍተቱ የነጭ ጨርቅ ጫፍ ብቅ ብሏል።

ከሴቶቹ መካከል አንዷ ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች። ዓይኗ ግን ሟች በወጣበት በር ላይ አልነበረም። ጨርቁ ላይ ነበር።

አናጢው የማን እንደሆነ አልጠየቀም። ገባው።

ምን ያድርግ? ለቅሶ ቤት መዶሻ አይመታም። ሣጥኑን አዙሩልኝ ቢል፣ ለምን ይባላል፤ ለምኑን መናገር ክፍተቱን ለዳሱ ሁሉ ማወጅ ነው። ዝም ብሎ ቢሄድ ደግሞ ጣውላው እስከ ማታ አይቆይም። አደራው የሴትየዋ ነው፣ የሚጠፋውም የእሷ ስም ነው፤ ያውም በሐዘኗ ላይ።

ወደ ወፍራሙ ሰውዬ ሄደ።

«ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ልቀመጥ?»

«ይህ ሁሉ አግዳሚ ሞልቶ?»

«ወገቤን ያመኛል። መደገፊያ ነው የምፈልገው።»

«አናጢ አይደለህም እንዴ? ሠርተህ አትደገፍም?»

«ሠርቼማ ነበር» አለ አናጢው።

ሰውዬው እየሳቀ ተነሣ። አናጢው የጨርቁን ጫፍ በጣቱ ወደ ውስጥ መለሰ፣ ቁጭ አለ፣ ጀርባውን ከጣውላው ጋር ልክክ አደረገ። እስከ ሣልስቱ ከዚያ አልተነሣም። ንፍሮ ሲታደል እዚያው ሆኖ ተቀበለ። ዝናብ መጥቶ ዳሱ በጥጉ በኩል ሲያፈስ ሰው ሁሉ ወደ መሃል ተጠጋ፤ እሱ ረጠበ እንጂ አልተነቃነቀም።

«ይሄ ሰውዬ ለሟች ምኑ ነው?» አለ አንዱ፣ ካርታውን እየበወዘ።

«እንጃ። ወንድሞቹ እንኳ እንዲህ አልሆኑም።»

«ተወው፣ ንፍሮው ጥሞት ነው።»

አናጢው ሰማ። ግድግዳ ይሰማል እንጂ አይመልስም። የሚያስጨንቀው የእነሱ ቀልድ አልነበረም። የሚስማሮቹ ራስ በሸሚዙ አልፎ ጀርባውን ሲቆረቁረው፣ በየቤቱ የላካቸው ሣጥኖች አንድ በአንድ ትዝ ይሉት ነበር። ሁሉም ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተዋል። ሞት የማይገባው ቤት የትኛው ነው?

ሣልስቱ ወጥቶ ዳሱ ሲፈርስ ሴትየዋ ከል ለብሳ ወደ እሱ መጣች።

«ዘመድ ሆንክልኝ» አለችው።

«እትዬ፣ ሣጥኑን ለጥቂት ቀን ይስጡኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ጀርባውን ሳልሠራው ነው የሰጠሁዎት።»

የጎበጠውን ጣውላ አየች፣ እሱን አየች። በዝናብ ውስጥ ለምን እንደተቀመጠ ያኔ ገባት። መቆጣት ትችል ነበር።

«ቁልፉን እንዳትለውጥብኝ» አለች ብቻ። «እጄ ለምዶታል።»

አልለወጠውም። ጀርባውን ከዋንዛ ሠራው፣ ልክ እንደ ፊቱ ጥርስ ለጥርስ አስገብቶ። ለእሷ ምንም አልተቀየረም፤ ቁልፉ አንዴ ዞሮ ቀጭ ይላል። የቀድሞ ሣጥኖቹንም ከየቤቱ እየለመነ አስወጥቶ ሠራቸው፤ ከራሱ እንጨት፣ ከራሱ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ደንበኛ መጥቶ «ግድግዳ ለሚነካ ጀርባ ምን አደከመህ?» ሲለው አንድ መልስ ነበረው።

«ሣጥን የሚሠራው ለለቅሶ ቀን ነው።»

*

ጋሽ መርዕድ መነጽራቸውን አጠለቁና ወደ ሰናይት ዞሩ።

«ስልኩ ግድግዳው ነው፣ ልጄ። ጥሩ ግድግዳ ነው፣ አላማሁትም። ሥራችን ጀርባውን ለእሱ ሰጥቶ ቢኖር ብዙ ቀን ምንም አይሆንም። ግን ስልክም የለቅሶ ቀን አለው። ስክሪኑ ይሰበርና ጥገና ቤት ይገባል፤ ሠራተኛው ታካሚዋን ‹የመክፈቻውን ፓተርን ንገሪኝ› ሲላት የማትነግረው ማን ናት? ልጅ ጌም ልጫወት ብሎ ይወስደዋል። የባሏ እህት ‹እስቲ ልደውልበት› ትላለች፤ እምቢ አይባልም። ሌባ እንኳ አላስፈለገም። በሩ በቅንነት ይከፈታል፣ የእኛም ስስ ጣውላ ወደ ሕዝብ ይዞራል። ውስጡ ያለው ደግሞ የሰው ገመና ነው፤ ለማንም ያልነገረችው ውጤት።»

«ታዲያ አዲስ የይለፍ ቃል እንጨምርባት?»

«ቁልፉን ማን ንኪ አለሽ? እጇ ለምዶታል፤ ያው አሻራዋ ይበቃል። አንቺ ጀርባውን ሥሪ። የተቀመጠው ውጤት ያለ አሻራዋ የማይነበብ ይሁን። መልእክት ሲገባ ‹ውጤትሽ ደርሷል› ይበል እንጂ ውጤቱን ስክሪን ላይ አይዘርግፍ። ስልኩ ከእጇ ሲወጣ መተግበሪያው ራሱን ይዝጋ። እሷ ልዩነቱን አታውቀውም። አለማወቋ ነው የሥራው ጥራት።»

ሰናይት ስልኳን አነሣች፣ በእጇ ገለበጠችው።

«ሰኞ እንልቀቀውና ከዚያ ብናስተካክለውስ?»

«አናጢውም ከለቀቀው በኋላ ነው ያስተካከለው» አሉ ጋሽ መርዕድ። «የተከፈተበት አንድ ሣጥን ስለነበረ የገዛ ጀርባውን ሰጥቶ ሸፈነው። አንቺ ሰኞ የምትለቂው በስንት ሺህ ስልክ ላይ ነው? የትኛው ዳስ ሄደሽ ትቀመጫለሽ?»